ከቅጹ ዳር የጫርኩት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአሉላ ገብረአምላክ፣

እንደምን አለህልኝ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የሚውል ሰው ወገቡ ደህና ነው ቢሉኝ አላምንም። ባለቤትህ ሄኒ እንዴት ናት? ትንሿ ሉሊስ፣ አማርኛዋ ከሰላምታ አለፈ ወይስ አሁንም «ሰላም አክስቴ» ብላ ትሮጣለች? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ሳይህ ከዓይንህ ሥር የጠቆረው ነገር አላማረኝም። አደይም አይታዋለች፤ የእናት ዓይን መቼ ይስታል። እኛ እንዳለን አለን። ባለቤቴ ሃብተአብ ሥራውን ይመላለሳል፣ ልጄ ዳናይት ፈተናዋን ጨርሳ እቤት ናት፣ ክረምቱ ገብቶ የተከራየነው ቤት ጣሪያ ሁለት ቦታ ላይ ያፈሳል። ስለ አደይ ከታች በሰፊው ጽፌልሃለሁ። አመልህን አውቀዋለሁና ዘለህ ወደ ታች እንዳትሄድ፣ በተርታ አንብበው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስትደውል ለአደይ ደህና ነሽ ወይ ብለህ ወዲያው ስልኩን ለእኔ ታሰጣለህ፤ ከዚያ ስካኑን ላኪ፣ የደም ውጤቱን ላኪ፣ ዶክተሩ ፈረመ ወይ ከማለት ሌላ ቃል ከአፍህ አይወጣም። እኔም እንዳልናገር የቤታችን ግድግዳ ችፑድ ነው፤ እዚህ የተነፈስኩትን አደይ እዚያ ትሰማዋለች። የድሮ ጎረቤታችን የእትዬ አሰፋሽ ልጅ ሩቲ ደግሞ አርብ ወደ ጀርመን ትበራለች። ሽሮውንና በርበሬውን ስሰጣት ይህንንም እሰጣታለሁ። ቤትህ ድረስ እንድታመጣልህና አንብበህ እስክትጨርስ ሻይ እየጠጣች አጠገብህ እንድትቆይ አደራ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ ስታነብ ይገባሃል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ የሰማኸው ቁርጥራጩን ነው። ሚያዝያ ላይ አደይ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ጀርባዋን እየወጋት ሆስፒታል ስንወስዳት፣ አንድ ልጅ እግር ሐኪም ስካኑን አይቶ ፓንክሪያስ ላይ እብጠት አለ አለን። አደይ በአማርኛ ንገረኝ አለችው። ልጁ ትንሽ አሰበና፣ ቆሽት ማለት ነው እማማ አላት። እሷ ሳቀች። በዚያ ቢጫ ዓይኗ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሳቀች። «እንግዲህ በመጨረሻ አረረላችሁ» አለችኝ። ሐኪሙ ያበደች መስሎት እኔን ያየኛል። እኔ ደግሞ አብሬ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገብቶኝ ቦርሳዬን ከፍቼ የሌለ ነገር ፈለግሁ።

መቼም በእኛ ቤት ቆሽት ሳይነሳ የዋለበት ቀን አልነበረም። ታስታውሳለህ አይደል፣ ካዛንቺስ የፊቱን ክፍል አደይ ለስፌት ይዛው፣ ነሐሴ ሲያልቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም ሊለካ በር ላይ ሲጋፋ። ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ እርሳሱ ጆሮዋ ላይ፣ መርፌው ከንፈሯ መሃል። መርፌ ነክሳ እንኳን «ቆሽቴን አታሳርሩት» ስትል ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ቁጣም ነበር፣ ፍቅርም ነበር፣ አንዳንድ ቀን ምሳ ቀርቧል ማለትም ነበር። አቦይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቢሮ ሲመለስ ደፍ ላይ ቆሞ «ዛሬ ቆሽቱ እንዴት ዋለ?» ብሎ ነበር የሚገባው። እሷ ደግሞ ቀና ሳትል በእጇ ወደ አንተ ታመለክታለች።

የሙሽራዋን ልብስ ገበር ቆርጠህ የጨርቅ ኳስ የሠራህበትን ቀን እኔ እስክሞት አልረሳውም። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ግብ ጠባቂው ጓደኛህ ታዲዎስ ነው፤ ያ ነጭ ገበር ጭቃ ለብሶ ሲንከባለል አደይ ከበር ላይ አየችው። መቀሱን እንደያዘች እስከ ዑራኤል አባረረችህ። አንተ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብተህ ዳንኩ ስትል፣ እሷ መቀሱን ለዘበኛው አስይዛ፣ ተሳልማ ገብታ፣ ጆሮህን ይዛ ወጣች። ስትመለሱ ግን አንተ ቦምቦሊኖ እየገመጥክ ነበር፤ እሷም በነጠላዋ ሳቋን ሸፍና ነበር። ያን ቀን የቀናሁብህ ቅናት እስካሁን አለቀቀኝም፤ እኔ ምንም አላጠፋሁ፣ ቦምቦሊኖም አልበላሁ።

አንተ ግንቦት ላይ ስለዚያ የሙከራ ክትባት የነገርከን ቀን፣ ጠፍቶ የቆየ መብራት የመጣልን ያህል ነው ደስ ያለን። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ያንኑ ይፈልጋል። አንዷ ስዊድን ላለች የእህቷ ልጅ ትደውላለች፣ አንዱ ካናዳ ላለ ሚዜው ይጽፋል። ሁሉም ስልኩ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ አለው፤ አጠገቡ ላለው ያሳያል፣ ያኛውም ራሱን ይነቀንቃል። ግማሹ የገባው አይመስለኝም፤ እኔም አልገባኝም ነበር። ነርሷ ብቅ ብላ የአደይን ስም፣ «መድኃኒት!» ብላ ስትጣራ፣ መድኃኒቱ መጣ ብሎ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። አደይ ቀስ ብላ ትነሳና «እኔ ነኝ፤ ተቀመጡ» ትላቸዋለች። አሁን አሁን ሁሉም ለምዷት ገና ስትጠራ ይስቃሉ።

ክትባት የሚባለውን መጀመሪያ አልተቀበለችውም። ክትባት የሕፃን ነው፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ካርድ ይዤ ጤና ጣቢያ ልሰለፍ ነው ወይ አለች። ዳናይት ከስልኳ እያነበበች አስረዳቻት። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከዚያ ከራሱ ከእብጠቱ ተነስተው ለዚያች ሴት ብቻ የሚሆን ክትባት ያዘጋጃሉ፤ በሽታው ልመለስ ቢል ሰውነቷ እንዲያውቀው ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም፤ ገና እየተሞከረ ያለ ነገር ነው። አደይ ሰምታ ሰምታ «በልክ የሚሰፋ ነው በሉኛ» አለች። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ስሙ ስፌቱ ሆነ። ጠዋት ስነሳ፣ ስፌቱ ከምን ደረሰ ትለኛለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የላክኸው የክትባት ሙከራው ቅጽ አሥራ ሰባት ገጽ ነበር። እኔ በአማርኛ ሞልቼ ለታዲዎስ እሰጠዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሰዋል ተባባልን። ታዲዎስ ካዛንቺስ ሲፈርስ የትርጉምና የጽሕፈት ሥራውን ይዞ እዚሁ ቂርቆስ አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ገብቷል። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ በምን ምክንያት የሚል ጥያቄ ላይ ስደርስ አደይን ጠየቅኋት። ያን ቀን ደህና ቀኗ ነበር፤ ሾርባዋን ጨርሳለች። «ጻፊ» አለችኝ፤ «ቆሽቴ ያረረው በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ አሉላ ባሕር ሊሻገር ሄዶ ሦስት ወር ድምፁ የጠፋ ጊዜ ነው። ያሳረረውም እሱ ነው በዪ።» ሁለታችንም ሳቅን። እኔም እሷን ደስ ይበላት ብዬ በእርሳስ ከቅጹ ዳር ጫርኩት። ከዚያ ትክክለኛውን መልስ ከመሃል ጻፍኩና የዳሩን ሳላጠፋ ረሳሁት። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ፋይል ያለ ቦታው አስቀምጬ የማላውቅ ሴት፣ የእናቴን ቅጽ እንዲህ አድርጌ ሰጠሁት።

ታዲዎስን ታውቀዋለህ፤ የተጻፈ ነገር አይጥልም፣ ኩራቱም እሱ ነው። የታማሚዋን ቆሽት እ.ኤ.አ. በ2008 ወንድ ልጇ አቃጥሎታል ብሎ ተረጎመና ማኅተሙን መታበት። እነዚያ የሙከራው ሰዎች ለአንተ የጻፉልህን ዳናይት ስታነብልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተቃጠለችው በእሳት ነው ወይስ በኬሚካል፣ ያኔስ ምን ሕክምና ተደረገላት ብለው ጠየቁ። አስተባባሪዋ ሴትዮም ታማሚዋ አሁን ከልጇ ጋር ነው ወይ የምትኖረው ብላ ተጨንቃለች። እኔ ደውለህ እስክትስቅ እጠብቅ ነበር። አንተ ግን ደውለህ «እውነቷን ነው» አልከኝና ዘጋኸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነሃል። ሄኒ ጽፋልኛለች፤ መኪናህን ልትሸጥ ነው፣ አንዱ ሆስፒታል አይሆንም ሲልህ ለሌላው ትጽፋለህ፣ አንዱ አገር ሲዘጋ ሌላው አገር ትደውላለህ። እናትን ለማዳን መሮጥ ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። እኔ የምፈራው የምትሮጠው ለይቅርታ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ አፍሬ አፍሬ ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ይህ ነገር በንዴት፣ በሐሳብ፣ በልጅ ናፍቆት ይመጣል ወይ አልኩት። አልሳቀብኝም። «አይመጣም እህቴ» አለኝ፤ «በዚያ የሚመጣ ቢሆን የአገራችን እናት ሁሉ በቆሽት ካንሰር ባለቀ ነበር።» ይህንን ቃል እንደ ማኅተም ያዘው። ያንን ከዳር የጫርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምንም አላቃጠልክም። ይቅር በለኝ።

ሌላም ይቅርታ አለኝ፤ ሩቲን አጠገብህ ያስቀመጥኳት ለዚህኛው ነው። የሰኔውን ስካን ማሽኑ ተበላሽቷል እያልኩ ያልላክሁልህ ውሸቴን ነው። ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም እያልን አድገን፣ እኔም ያንኑ አደረግሁ። በሽታው ጉበቷን ነክቷል፤ ቀዶ ሕክምና አይደረግላትም። ቀዶ ሕክምና ከሌለ ያ ክትባት የለም፤ የሚሠራው እብጠታቸው ለወጣላቸው ሰዎች ነው። በእግሯ እንኳን እዚያ ብትደርስ አይቀበሏትም፤ ይህንን የእኛም ሐኪም፣ ያቺ አስተባባሪም በግልጽ ነግረውናል። ዳናይት ለአስተባባሪዋ ጽፋ የመጣላት መልስ አሥር ቀን ሆኖታል። ለአደይ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ሰማችኝና «ጨርቁ የለማ፤ ምኑን ይሰፉታል» አለች። ከዚያ ዳናይትን ጠርታ «ክሩን በመርፌው አስገቢልኝ» አለቻት።

የምትሰፋው ምን እንደሆነ ልንገርህ። የራሷን ቀሚሶች ታጠብባለች። ወገቧ ዘጠና አራት ነበር፣ አሁን ሰባ ሁለት ገብቷል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ራሷ ትለካዋለች። ትርፉን ቆርጬ ልጣልልሽ ስላት ተቆጣችኝ። ወደ ውስጥ እጠፊው፣ አይቆረጥም አለችኝ። ዘንድሮ ሐኪም ከነገረኝ ሁሉ ይበልጥ ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

አግዳሚው ላይ የተዋወቅሁት ሙሐሲን የሚባል የቄራ ቆዳ ነጋዴ አለ። ወንድሙ ኑሪ በዚሁ በሽታ ታሞበት ሰባት ወር ሙሉ እንዳንተው ሲፈልግ ከርሟል። በመጨረሻ አንድ ቦታ እስቲ እንየው አሉት፤ ለቪዛ ኤምባሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ኑሪ ማረፉን በስልክ ነገሩት። እሱ እስካሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፤ አዲስ ለሚመጡት የትኛው ሙከራ ለማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠየቅ ይነግራቸዋል። የአንተን ሁኔታ ነገርኩት። «ፍለጋው ክፉ አይደለም እህቴ፣ ለሌላው መንገድ ይከፍታል» አለኝ። «እኔ ግን ሰባቱን ወር የኑሪን ፊት ሳይሆን የስልኬን ፊት ሳይ ነው የጨረስኩት።» የላክህልኝን የሆስፒታሎች ዝርዝር ሁሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እብጠቷ የወጣላት አንዲት የወሎ ሰፈር አስተማሪ ያንን ይዛ ጽፋላቸዋለች። ድካምህ ሜዳ ላይ አልቀረም ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ከአደይ ጋር ቂርቆስ አስቀደስን። ካህኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ እሳት ውስጥ ተጥለው ገብርኤል እንዳወጣቸው ሲያስተምሩ እሷ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች። ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ኢየሉጣ እሳቱን የቻለችው ልጇ አብሯት ስለነበረ ነው» አለችኝ። ስልክ ላይ «እውነቷን ነው» ያልከውን እንደሰማች ያኔ ገባኝ፤ ችፑዱ ምኑን ይደብቃል። ከዚያ ቤት አልሄድም፣ ካዛንቺስ ውሰጂኝ አለች።

ራይድ ጠርተን ሄድን። መንገዱ ያምራል፤ አያምርም አልልህም። ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መስመር፣ አበባ፣ አግዳሚ ወንበር። ብቻ የማውቀው ነገር አንድም የለበትም። እነ እትዬ አሰፋሽ የነበሩበትን እንኳን መገመት አልቻልኩም። አደይ ግን ከመታጠፊያው እስከ በራችን መቶ አርባ ርምጃ ነበር አለችና ክንዴን ይዛ መቁጠር ጀመረች። መቶ አርባ ስትል የቆምነው ብስክሌት መሄጃው ላይ ነው፤ አንድ ልጅ እየደወለ አለፈን። ዙሪያውን አየችና ርምጃዬ አጥሯል፣ ሃያ ጨምሪበት አለችኝ። ሃያ ጨመርን። አንድ አበባ የተተከለበት ቦታ ላይ ቆምን። የስፌት መኪናዋ እዚህ ጋ፣ የአቦይ ወንበር እዚያ ጋ እያለች በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ ወደ ዑራኤል ዞራ ብዙ አየች። እዚህ ጋ ነው መሮጥ የጀመረው አለች። 

እንግዲህ ወንድሜ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ ቀን አልቆጠረልኝም፤ ሩቅ ያለ ልጅ ካላት ግን ክረምቱ ሳይወጣ ይምጣ ብሎኛል። ከመጣህ ስድስት ዓመት ሆነህ። አደይ ሉሊን ከስልክ ውጪ አይታት አታውቅም። ክትባቱን ሳልይዝ በምን ፊቴ እመጣለሁ እንዳልካት ሄኒ ጽፋልኛለች። በዚያው ፊትህ ና፤ ከእጅህ የምትጠብቀው ነገር የለም። ዓይንህ ሥር ያለውን ጥቁረትም ከቅርብ ታየው። መኪናህን አትሽጥ፣ ፈቃድ ጠይቅ፣ ትኬት ቁረጥ።

ሃብተአብ ሰላም ብሎሃል፤ ለመምጣትህ ብሎ ጣሪያውን ሊያስጠግን ነው። ዳናይት ደግሞ «በቃ አጎቴ ይምጣ፣ ማለቴ ኢሜይል ሰለቸኝ» ብላለች፤ ቃሏን እንዳለ ጻፍኩልህ። እትዬ አሰፋሽ ከተዛወሩበት ሩቅ ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዘው በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ግንባሩን ሳሚልኝ ብለዋል። ታዲዎስም ሰላም ይልሃል፤ በኀፍረት ሰንብቶ፣ ከእንግዲህ ቆሽት የሚል ቃል ያለበት ወረቀት አልቀበልም ብሏል። ሄኒን በሁለቱም ጉንጯ፣ ሉሊን እስክትጮህ ድረስ ሳምልኝ። ለሩቲ ሻይ መስጠትህን አትርሳ።

እህትህ ሲምረት ገብረአምላክ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዚህ በታች ያለው የአደይ እጅ ነው። ምን ልጻፍ ሳትለኝ እርሳሱን ከጆሮዋ አውርዳ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደሏ ራሷ ጻፈችው። እኔ አንድም አልነካሁበትም፤ ቢያስተረጉሙትም እንዳለ ይተርጎም ብላለች።

ወደይ፣ ልጄ አሉላ፣ ስፌቱን ተወው። ሉሊን ይዘህ ና። መጥተህ ቆሽቴን አሳርረው።